ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች ነው

የእርግዝናዬ 9ኛ ሳምንት ላይ ነበርኩ። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ መግባት ፈርቼ አለቅሳለሁ። ሽንቴ ከመጣ ቆይቷል፣ ፊኛዬ ተወጥሮ እምብርቴ ስር ያመኛል፣ ግን ማታ የሸናሁት ሽንት የተላጠ ቆዳ ላይ ሎሚ የጨመቁብኝ ያህል ስላቃጠለኝ ድጋሚ መቀመጥ አቃተኝ። ሲነጋ ደግሞ ማቅለሽለሹ አለ፣ ሲያስመልሰኝ ሆዴ በተኮማተረ ቁጥር ታች ያለው ቁስል አብሮ ይጎተታል። የማቅለሽለሹን ነገር ሁሉም ሰው ነግሮኝ ነበር፣ ይሄኛውን፣ ብልት ላይ የሚወጣውን የሄርፒስ ቫይረስ ቁስል ግን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም እስከዛሬ ለእናቴ እንኳን አልነገርኩም።

ሲጀምር ጉንፋን ነበር የመሰለኝ። ሰውነቴን ቆረጣጠመኝ፣ አተኮሰኝ፣ ብሽሽቴ ላይ ግራና ቀኝ ንፍፊት ወጣ፣ ስራመድ ሁሉ የሚሰማኝ። የእርግዝና ድካም ነው ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያሳክከኝና ይነዝረኝ ጀመር፣ ፓንቱ ነው፣ ሳሙናው ነው፣ ላቡ ነው እያልኩ አለፍኩት። ሶስተኛው ቀን ላይ የእጅ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጬ በስልኬ ባትሪ እያበራሁ አየሁት። የክብሪት ራስ የሚያክሉ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች አንድ ላይ ተጠጋግተው ወጥተዋል፣ ቀድመው የፈረጡት ደግሞ ዙሪያቸው ቀልቶ መሀላቸው ግራጫ ሆኖ ቆስለዋል። መስታወቱን ገልብጬ አስቀመጥኩትና ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ከዛ በኋላ አራት ቀን ዝም አልኩ። ለባሌም አልነገርኩም፣ ሐኪም ጋርም አልሄድኩም። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚቆጨኝ እነዛ አራት ቀኖች ናቸው፣ ምክንያቱም መድሃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚረዳው። ግን የአባላዘር በሽታ የሚለው ቃል ብቻ አፌን ዘጋው፣ እኔ ያረገዝኩ ሴት ነኝ፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እያለኝ ነው፣ በዛ መሀል ይሄን የት ብዬ ነው የማወራው። ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ሄርፒስና እርግዝና ብዬ ስፈልግ የሚመጣልኝ የጨቅላ ሕፃናት ፎቶ ነው፣ አንጎል ይጎዳል ይላል፣ ይገድላል ይላል። ውሸት አይደለም፣ ሕፃን ላይ ሲደርስ በጣም ከባድ ነው፣ ግን ያ አደጋ የሚበረታው እናትየዋ መቼ ስትያዝ እንደሆነ የሚለው መስመር ታች ነው ያለው፣ እኔ ደግሞ እዛ ድረስ የማነብበት አቅም አልነበረኝም። ስልኩን ዘግቼ ሆዴን ይዤ ይቅርታ እለው ነበር። ገና የጣት አንጓ የሚያክል ነገር እኮ ነው፣ እኔ ግን ይቅርታ እየጠየቅኩት አነጋለሁ።

በመጨረሻ የሄድኩበት የመጀመሪያው ቦታ ያለው ሰውዬ መጋረጃው በደንብ እንኳን ሳይዘጋ አየት አደረገኝና "ባልሽ ያመጣብሽ ነገር ነው" አለኝ። ናሙና አልወሰደም። "ነፍሰ ጡር ስለሆንሽ መድሃኒት አይሰጥም፣ ስትወልጂም ኦፕራሲዮን ነው" ብሎ ጨረሰ። የትኛው ቦታ እንደሆነ መናገር አልፈልግም፣ ግን የነገረኝን ሁሉ ደግሜ የጻፍኩት ሌላ ሰው እንደዚ ተብሎ እንዳይመለስ ነው፣ ምክንያቱም በኋላ እንደተረዳሁት ስለ መድሃኒቱም ስለ ኦፕራሲዮኑም የነገረኝ ስህተት ነው፣ ስለ ባሌ የነገረኝን ደግሞ እሱ በአይን አይቶ ሊያውቀው የሚችለው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛዋ ሐኪም ትልቅ ሴት ነበረች። ወንበሩን ሳየው ፊቴ ተቀያየረ መሰለኝ፣ "መቀመጥ የለብሽም፣ እንደተመቸሽ ቁሚ" አለችኝ። ቆሜ ነው ሁሉንም ያወራሁት። ከዛ አንዱን ውሃ የቋጠረ ነገር አፍርጣ ስሩን ጫፉ ጥጥ በሆነ ስዋብ ጠረገችው፣ ያማል፣ በጣም ያማል፣ ግን ፒሲአር ምርመራው ቫይረሱ ምን አይነት እንደሆነ የሚለየው በሱ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ላይገኝ ይችላል። ደምም ወሰደች። ውጤቱ እስኪመጣ አልጠበቀችም፣ አሳይክሎቪር 400 ሚሊ ግራም በቀን ሶስት ጊዜ ለ10 ቀን አዘዘችልኝ።

"ልጄስ?" አልኳት።

"ስንተኛ ሳምንትሽ ነው?" ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ስላት "ጥሩ" አለችኝ። ጥሩ የሚለውን ቃል በዛ ሰዓት መስማቴ ግራ ገባኝ። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑን የሚያገኘው በምጥ ሰዓት ሲወጣ ነው፣ ሆድ ውስጥ እያለ መያዝ በጣም ብርቅ ነው። አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘችው ልትወልድ አካባቢ ከሆነ ለሕፃኑ የመተላለፍ እድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ሰውነቷ ቫይረሱን የሚከላከለውን አንቲቦዲ ሳይሰራ ነው ምጡ የሚመጣው፣ ቫይረሱም ገና በብዛት እየወጣ ነው። በመጀመሪያው የእርግዝና አጋማሽ የተያዘች ወይም ድሮም የነበረባት ሴት ግን ከ1 በመቶ በታች ነው። ያው እርግዝናው አንድ ነው፣ ቫይረሱም አንድ ነው፣ ልዩነቱ ጊዜ ነው። እስክወልድ ሰውነቴ 31 ሳምንት አለው ማለት ነው። የሚሰራው አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጁ ያልፋል፣ በተለይ ወደ መጨረሻዎቹ ወራት አካባቢ በደንብ ያልፋል። "ሲወለድ ካንቺ ስንቅ ይዞ ነው የሚወጣው" አለችኝ። እኔ ለአራት ሌሊት ሰውነቴ ልጄን እየመረዘው ነው ብዬ ሳለቅስ ሰውነቴ ያንን ስንቅ መሰነቅ ጀምሮ ነበር።

መድሃኒቱን ለመዋጥ ግን ወዲያው አልደፈርኩም። ሶስት ወር ሳይሞላኝ ምንም አልውጥም ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ። የረዳኝ አሰራሩን ማወቄ ነው። አሳይክሎቪር ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደተኛ ነው የሚገባው፣ የሚቀሰቅሰው የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነው፣ ስለዚ በዋናነት ስራውን የሚሰራው ቫይረሱ ያለበት ሴል ውስጥ ነው፣ ቫይረሱ የሌለበትን ብዙም አይነካም። ይሄ መድሃኒት ከወጣበት ላብራቶሪ የነበረችው ገርትሩድ ኤልየን የምትባል ሳይንቲስት በ1988 ኖቤል ከተሸለሙት አንዷ ናት። ደግሞ ከ1984 እስከ 1999 እርጉዝ ሆነው የወሰዱት ሴቶች ተመዝግበው ልጆቻቸው ታይተዋል፣ ከ1,200 በላይ እርግዝና፣ የአፈጣጠር ችግር ከሌላው ሰው በልጦ አልተገኘም። እኔ እነዛን ሴቶች አላውቃቸውም፣ ግን የመጀመሪያዋን ክኒን ስውጥ እነሱን እያሰብኩ ነው የዋጥኩት፣ አንዳቸውም እንደኔ ሽንት ቤት በር ላይ ቆመው ይሆናል።

አሁን ስለ ህመሙ። ይሄን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው እኔ በዛ ሌሊት የፈለግኩት እሱን ስለነበር ነው።

ሽንትን መያዝ የባሰ ነው። ውሃ ስቀንስ ሽንቴ ይቀንሳል ብዬ ነበር፣ የሆነው ግን ሽንቱ ወፍሮ የበለጠ ማቃጠል ነው፣ ውሃ በብዛት ስጠጣ እየቀጠነ ማቃጠሉ ቀነሰልኝ። ከዛ ደግሞ ጆግ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ይዤ እገባለሁ፣ ሽንቱ ሳይጀምር ውሃውን ከፊት በኩል ቀስ አድርጌ ማፍሰስ እጀምርና ሽንቱ እስኪያልቅ ሳላቋርጥ አፈሳለሁ። ይሄ ብቻውን ግማሹን ስቃይ ወሰደልኝ። ሁለት ቀን ደግሞ እሱም አልበቃ ሲለኝ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ እዛው ውስጥ ተቀምጬ ሸናሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላለቅስ የሸናሁት ያኔ ነው። ይሄን ስጽፍ አላፍርም፣ ሐኪሟም ራሷ ናት ያለችኝ።

በቀን ሁለት ሶስቴ ለብ ያለ የጨው ውሃ እዘፈዘፍ ነበር፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያህል፣ ከዛ በላይ ጨው ማብዛት ማቃጠል ነው። ሳሙና የለም፣ ሽቶ ያለው ነገር የለም። ፎጣ ማሸት አይቻልም፣ እኔ ፎን ቀዝቃዛው ላይ አድርጌ ከራቅ አድርጌ አደርቀው ነበር። ቤት ውስጥ ፓንት ተውኩ፣ ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ብቻ። ለህመሙ ፓራሲታሞል፣ ለትኩሳቱም እሱው ነው፣ ኢቡፕሮፌንና የመሳሰሉት ለእርጉዝ ስለማይመከሩ አልነካሁም። ሐኪሟ የፈቀደችልኝ የሊዶኬይን ቅባት ነበረ፣ ከመሽናቴ ትንሽ ደቂቃ ቀደም ብዬ ስስ አድርጌ እቀባና ሲደነዝዝ እገባለሁ። የአሳይክሎቪር ክሬምም ልግዛ ወይ ስላት ክኒኑ ካለ ክሬሙ የሚጨምረው ነገር የለም አለችኝ። ቁስሉን ከነካሁ በኋላ ሁሌ እጄን መታጠብ ነበረብኝ፣ በተለይ በመጀመሪያው ጊዜ ቫይረሱን በጣት ወደ አይን መውሰድ ይቻላል።

ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ግን በጆግ ውሃ የሚታገሉት ነገር አይደለም፣ ቫይረሱ የፊኛን ነርቭ ሊይዘው ስለሚችል በዛኑ ቀን ሐኪም ጋር መሄድ ነው። ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣም እንደዛው፣ ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ሰውነት ከተዳከመም እንደዛው።

መድሃኒቱ በጀመርኩ በአራተኛው ቀን አዲስ የሚወጣው ቆመ። በሰባተኛው ቀን ቅርፊት መያዝ ጀመረ። 11ኛው ቀን ላይ ባዶ እጄን ሽንት ቤት ገብቼ ወጣሁ፣ ጆጉን መርሳቴን ያስተዋልኩት ከወጣሁ በኋላ ነው።

የባሌ ነገር ግን በጆግ የሚለዝብ አልነበረም። የነገርኩት ከሁለተኛዋ ሐኪም ስመለስ ነው፣ መድሃኒቱን አልጋው ላይ አስቀምጬ፣ የመጀመሪያው ሰውዬ ያለኝን እንዳለ ነገርኩት። "ሌላ ሰው ጋር ሄደሃል?" አልኩት። ምሎ ካደ። ያኔ ማመን አልቻልኩም፣ አለማመንም አልቻልኩም፣ ሁለት ቀን አንድ ቤት ውስጥ እንደ ጎረቤት ኖርን፣ እሱ ግን ለብ ያለውን ውሃ እያዘጋጀ በር ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ኤችኤስቪ-1 ይላል፣ ከሁለቱ የሄርፒስ ቫይረስ አይነቶች አንዱ ነው። ደሜ ውስጥ ደግሞ የሱ አንቲቦዲ ገና የለም፣ ማለትም አዲስ ነው፣ ድሮ የነበረብኝ ቢሆን አንቲቦዲው ይገኝ ነበር። ሐኪሟ ሁለታችንንም አስቀምጣ ባሌን የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ነው፣ "ከንፈርህ ላይ ምች ይወጣብሃል?" አለችው።

ከልጅነቱ ጀምሮ ይወጣበታል። ብርድ ሲመታው፣ ሲደክመው፣ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ውሃ ይቋጥርና በሳምንቱ ይድናል። እኔ ራሴ ስንቴ "ምች መታህ" ብዬ ቅባት ቀብቼዋለሁ። እኔ ከመታመሜ ከሳምንት በፊትም ከንፈሩ ነዘረኝ ብሎኝ ነበር፣ ገና አልወጣም፣ እና በዛ ሳምንት ተገናኝተናል፣ በአፍም። ሁለታችንም በጭራሽ አላሰብነውም። ከተነካኩ በኋላ ከ2 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚወጣው፣ ቀኑን ስንቆጥር ገጠመ።

ያንን ቀን ያሰብኩትን ዛሬም አስበዋለሁ። አንድ ቫይረስ ነው። ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች ይባላል፣ አይዞህ ተብሎ ቅባት ይቀባለታል፣ ሰው ፊት ቁጭ ተብሎ ይወራል። እኔ ላይ ሲወጣ ግን መጋረጃ ተዘግቶ እንኳን የማይነገር ነገር ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ50 ዓመት በታች ካለው ሰው 3.8 ቢሊዮን የሚሆነው፣ 64 በመቶ ማለት ነው፣ ኤችኤስቪ-1 አለበት ይላል። የብልት ሄርፒስ ያለባቸው ደግሞ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት 846 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፣ ከአምስት ሰው አንድ። አብዛኛው ሰው ምልክት ስለማያይ ወይም ስለማይለየው እንዳለበት አያውቅም። ስለዚ በእርግዝና ጊዜ መጀመሪያ የታየ ቁስል ሁሉ የትናንት ነገር ነው ማለት አይደለም፣ አንዳንዷ ሴት ከዓመታት በፊት የያዛት ሆኖ ነው አሁን የሚወጣባት፣ ቫይረሱ ታች ጀርባ ጋር ያለ የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ ሰውነት ሲደክም ይነሳል። መቼና ከማን የሚለውን ቁስሉ ራሱ አይናገርም። በእርግጥ ባል ያመጣበት ቤትም አለ፣ የለም አልልም፣ ያ የራሱ ሐዘን አለው። እኔ የምለው መጀመሪያ መድሃኒቱ ይዋጥ፣ ናሙናው ይወሰድ፣ የባልና ሚስቱ ነገር ከሳምንት በኋላም ይደርሳል።

ከሐኪሟ ስንመለስ መንገድ ላይ አልተነጋገርንም። ማታ ላይ መብራቱ ጠፍቶ "እኔ ነኝ ማለት ነው ያሳመምኩሽ?" አለኝ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። አላወቅክም እኮ ማለት ነበረብኝ፣ እውነቱም እሱ ነው፣ ግን አልወጣልኝም። ያመነዝራል ብዬ የጠረጠርኩት ሰው ንጹህ ሆኖ ተገኝቶ እንኳን ህመሙ እኔ ጋር ነው ያለው፣ ቁስሉ እኔ ጋር ነው፣ ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። እጁን ያዝኩት፣ ቃል ግን አላወጣሁም።

ከዛ በኋላ እስካሁን አልተመለሰብኝም። ብልት ላይ ሲሆን ኤችኤስቪ-1 ከኤችኤስቪ-2 ያነሰ ነው የሚመላለሰው፣ በመጀመሪያው ዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፣ ጭራሽ የማይመጣባቸውም አሉ፣ ሲመጣም እንደ መጀመሪያው አይከብድም። 22ኛ ሳምንቴ ላይ ደሜን ድጋሚ ስሰጥ አንቲቦዲው ተገኘ። ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ይዤ በደስታ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን 26ኛ ሳምንቴ ነው፣ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ እስክወልድ አሳይክሎቪሩን በየቀኑ እወስዳለሁ፣ ምጥ አካባቢ ቫይረሱ እንዳይነሳ። ምጥ ሲመጣ በደንብ ያዩኛል፣ ቁስል ወይም ያ የመንዘር ስሜት ካለ ኦፕራሲዮን ነው፣ ከሌለ በምጥ እወልዳለሁ። ለአዋላጇም ነግሬያታለሁ፣ ከአፌ ሲወጣ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር፣ እሷ ካርዴ ላይ ጻፈችና "ክንድሽን ስጪኝ" ብላ ግፊቴን ለካች።

የቀረን ትልቁ ነገር ለካ ከወለድኩ በኋላ ያለው ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ምች ያለበት ከንፈር ከሳመው ሊይዘው ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ መቋቋም አይችልም። ስለዚ የምንጠነቀቀው ከኔ ብቻ ሳይሆን ከሚስመው ሰው ሁሉ ነው። ባሌ ይሄን ሲሰማ መጀመሪያ ያሰበው እናቱን ነው፣ እሷም ምች ይወጣባታል፣ የልጅ ልጇን ደግሞ ከአሁኑ ቀን እየቆጠረች ነው የምትጠብቀው። ስለኔ ምንም ሳይነግራት ስለመሳሙ ብቻ ሊነግራት ባለፈው እሁድ ደወለላት፣ ስፒከር ላይ አድርጎ።

"እማዬ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ።"

"ምነው? ልጄ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ሕፃኑ ሲወለድ ከንፈርሽ ላይ ምች ካለ እንዳትስሚው ልልሽ ነው። እኔም ካለብኝ አልስመውም።"

"በምች ይሄን ያህል?" አለች። አስረዳት፣ ሐኪሟ እኛን እንዳስረዳችን ቀስ ብሎ፣ ምቹ ቫይረስ እንደሆነ፣ በመሳም እንደሚተላለፍ፣ ብዙ ሰው በልጅነቱ ከሚወደው ሰው እንደሚይዘው። ወዲያ ማዶ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"አንተ ሁለት ዓመት ሳይሞላህ" አለች ቆይታ፣ "አፍህ ውስጥ ሁሉ ቆስሎ፣ ድድህ አብጦ፣ ሳምንት ሙሉ ምግብ እምቢ ብለህ አልቅሰሃል። ያኔ እኔ ከንፈሬ ላይ ነበረኝ። ስሜህ ነው ማለት ነው?"

"አላወቅሽም እኮ እማዬ" አላት ወዲያው፣ ሳያስብ። "አላወቅሽም እኮ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ስልኩን ሲዘጋ እኔም ነገርኩት።